የተቀጣሁ ዕለት

አባቴ ያረፈ ዕለት ድንኳን የተከሉለት ሽማግሎች ነበሩ። ከአራት ኪሎ እስከ ጀሞ በአይሱዙ መጡ፤ እነሱም፣ ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም በአንድ ላይ። ሰባት ናቸው። የሰባቱ ታናሽ ስድሳ አንድ ዓመት ሞልቶት እንደነበር ያወቅሁት ኋላ መዝገቡ እጄ ሲገባ ነው። አንደኛው ከመኪናው ሊወርድ እግሩን ወደታች ሰደደና መሬቱ ራቀበት። ጎማውን በጫማው ጫፍ እየዳበሰ ትንሽ ተንጠለጠለ። አየሁት። ሮጬ አልደገፍኩትም።

ሐዘንተኛ አይሠራም፤ እንዲህ ተብለን ነው ያደግነው። ለእኔ ይህ ሰበብ ይበቃኝ ነበር። ከጎኔ የቆሙት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼና የብሎካችን ልጆች ግን ሐዘንተኞች አልነበሩም። ሃያ ያህል እንሆናለን። ደረጃው ሥር ተኮልኩለን፣ ግማሾቻችን ስልክ ላይ አቀርቅረን፣ ሰባት አረጋውያን ምሰሶ ሲያነሱ እናያለን። ክፉ ሰው አልነበረብንም። "እናግዛችሁ?" ያለም ነበር። "ተዉ ልጆቼ፣ እናንተ ተቀመጡ፤ አታውቁትም" የሚል መልስ መጣ። ተቀመጥን። እውነትም አናውቀውም።

ካስማው እምቢ አለ። የአራት ኪሎው ግቢ አፈር ነበር፤ በመዶሻ ሁለቴ ሲሉት ይገባል። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ግን ኮብልስቶን ነው። ጋሽ ጥሩንባ (ዕድሜ ልኩን የእድሩ ለፋፊ ስለነበር ሠፈሩ በሌላ ስም አይጠራውም) ድንጋዩን ሁለት ሦስት ጊዜ በመዶሻ ቆረቆረና ተወው። ከዚያ ገመዶቹን አንዱን ከደረጃው ብረት፣ አንዱን ከመብራት ምሰሶ፣ የቀሩትን ውኃ ከሞሉ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካኖች ጋር ማሰር ጀመሩ። ድንኳኑ ቆመ። ወደ አንድ ጎን ግን ያዘመመ ነበር። ሠልስቱ እስኪወጣ ከዚያ ጣሪያ ሥር ተቀምጬ ያንን ያዘመመ ሸራ ሳይ፣ ከሐዘኑ ጎን ሌላ ነገር ይቆነጥጠኝ ነበር። እፍረት ነው።

ጊዜው 2014 ዓ.ም. ነው። ጀሞ ከገባን ብዙ ዓመት አልፎናል፤ አባቴ ግን እድሩን አልቀየረም። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ሁለት ታክሲ ይዞ ይሄዳል። የወር መዋጮው ለታክሲ ከሚያወጣው ብዙም አይበልጥም። አንድ ቀን "አባዬ፣ እዚህ እድር የለም እንዴ?" አልኩት። "አለ" አለኝ። "የዚያኞቹ ስሞት ያለቅሱልኛል። የእዚህኞቹ ማን ነበር ብለው ነው የሚጠይቁት።"

እድር ምን እንደሆነ ለአንባቢዬ ላስረዳ ብል ለቀባሪው አረዱት ይሆንብኛል። ስለዚህ ወደ ራሴ ልመለስ። አርባው ካለፈ በኋላ የእድሩ ዳኛ ደወሉልኝ።

"የአባትህ መዝገብ ንጹሕ ነው፤ ዕዳ የለበትም። በሱ ቦታ ትቀጥላለህ ወይስ እንዝጋው?"

"እቀጥላለሁ። በቴሌብር መላክ ይቻላል?"

"የምን ብር?" አሉኝ።

በስልክ ላስረዳቸው አልቻልኩም፣ ስለዚህ በአካል ሄድኩ። ልክ እንደ አባቴ፣ በሁለት ታክሲ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የደረሰብኝን ነገር ለመረዳት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከፊት አስቀመጡኝ። ሻይ ቀድሞ ለእኔ ቀረበ። "ወጣቱ መጣልን፣ ተስፋችን" እያሉ መረቁኝ። ከዚያ ስለ ድስት ጥገናና ስለ ቀሪ አባላት ቅጣት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ፤ እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ስደርስ ደግሞ ባዶነት ተሰማኝ። እንግዳ ማለት ሥራ የማይታዘዝ ሰው ማለት ነው። እኔ እዚያ እንግዳ ነበርኩ፤ ቀድሞ አባቴ ድንኳን ሥር እንደነበርኩት።

በ2015 የእድሩ እቃ ቤት የነበረበት ቦታ ለግንባታ ተፈለገ። ያኔ አባላቱ ተበታትነዋል፤ አራት ኪሎ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሚበዙት እኛው ጀሞ ነን፣ ሌሎቹ በየአቅጣጫው። አሜሪካ ያሉ ልጆቻቸው መዋጮ የሚልኩላቸው እናቶችም አሉ፤ እነሱ አንድ ወር ዘግይተው አያውቁም። ገንዘቡ ከሲልቨር ስፕሪንግ ይመጣል፣ የሚሸከም ትከሻ ግን በስልክ አይላክም። እድሩ ይበተን ወይስ ዕቃውን ይዞ ጀሞ ይግባ በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ተከራከርንና መግባቱ በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። ከብሎካችን አጠገብ ያለው የጋራ መገልገያ ቤት አንዱ ክፍል ተለቀቀልን። ያኔ ነው የቀድሞው ጸሐፊ ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው መዝገቡ እኔ ላይ የወደቀው። "ማንበብና መጻፍ እንደሆነ ያውቃል" ተባልኩ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በዚህ ልክ ያቃለለው ሰው የለም።

ሦስት ትልልቅ መዝገብ ተረከብኩ። አንድ ሌሊት የመጀመሪያውን ገለጥኩት። የመሥራቾቹ ስም፣ የትውልድ አገር፣ ሥራና ዕድሜ ተጽፏል። ልብስ ሰፊ፣ ዘበኛ፣ ሹፌር፣ ሁለት መምህራን፣ የሻይ ቤት ባለቤት። ከጉራጌ፣ ከመንዝ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም የመጡ። ዕድሜያቸውን ሳይ ደግሜ አነበብኩት፦ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ስድስት፣ ሠላሳ አንድ። የሁሉም ታላቅ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። እኔ ያን ሌሊት ሠላሳ አምስት ነኝ።

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማን እንደምነግረው ቸግሮኝ ይኸው እዚህ እጽፈዋለሁ። እድር የሽማግሌ ነገር ነው የምንለው ሽማግሎቹን ስለምናይ ነው። የመሠረቱት ግን ወጣቶች ናቸው፤ ያውም ተከራይ ወጣቶች። ስለ እድር አጀማመር የጻፉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ነገር አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ከገቡ የጉራጌ ሠራተኞች ጋር ያያይዙታል፣ ሌሎች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ጋር። የሚያገናኛቸው ግን ከተማው ነው። ገጠር የሚቀብር ዘመድ ሞልቷል። ከተማ የገባ ጎረምሳ ግን ቢሞት ማን ያነሳዋል? ሐረር አፎቻ አለው፣ ወሎ ቅሬ አለው፤ አዲስ አበባ የመጣው ሁሉ ከየአገሩ ያወቀውን ይዞ ከማያውቀው ጎረቤቱ ጋር መዋጮ ጀመረ። ዘመድ ያጣ ሰው ዘመድ በመዝገብ አቋቋመ።

ዛሬ ጀሞ ላይ ከየክልሉ መጥቶ አንድ ክፍል ለሦስት የተከራየው ልጅ የዚያ የመሥራች የመንፈስ ልጅ ነው። ግን እድር አይገባም። ለምን? "የዛሬ ልጅ ማኅበራዊ ኑሮ አያውቅም" የሚለውን መልስ ስብሰባ ላይ ሃምሳ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጸሐፊ ስሆን ግን እውነተኛውን መልስ ደንቡ ውስጥ አገኘሁት። አዲስ አባል ሲገባ የድንኳኑን፣ የድስቱን፣ የወንበሩንና የባንኩን ገንዘብ ድርሻ አስልቶ በአንድ ጊዜ "መግቢያ" ይከፍላል። ነባሮቹ ለአርባ ዓመት በሳንቲም ያጠራቀሙትን እሱ በአንድ ቀን ይጠየቃል። ተገቢ ነው፤ እነሱ ያፈሩት ሀብት ነው። ግን አከራዩ በዓመቱ ኪራይ ጨምሮበት ወደ ሌላ ሰፈር የሚሸሽ ልጅ የሁለት ወር ደመወዙን ለመግቢያ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ልጁ ማኅበራዊ ኑሮ አላጣም፤ ሒሳቡን ሠርቶ ተመልሷል።

ስለዚህ ሁለት ሆነን አንድ ሐሳብ አመጣን፤ ተከራይ መግቢያ ሳይከፍል ወርሃዊ መዋጮ ብቻ እየከፈለ ይግባ። ሐዘን ሲገጥመው ድንኳንና ሰው ያገኛል፣ ገንዘብ ግን አያገኝም፤ ሲለቅም ድርሻ አይጠይቅም። በለቅሶ ላይ ግን እንደማንኛውም አባል ይታዘዛል።

ጉድ ፈላ። የገረመኝ ተቃዋሚዎቹ እነማን እንደነበሩ ነው። ሰማንያ የደፈኑት አልነበሩም። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉት ናቸው፤ አባቶቻቸው ሲመሩ ያደጉና "አሁን ተራው የኛ ነው" ብለው የሚጠብቁት። "ደንቡ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው" ይላሉ። ደንቡ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ እንዳልነበረ የሚያውቁት ግን የጥንቶቹ ናቸው። ከሴቶች እድር የመጡ አንዲት እናት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ብድግ አሉ።

"በኤች አይ ቪ ጊዜ ደንቡን ማን ቀየረው?" አሉ። "እድር ለሞተ ነው፣ ለታመመ አይደለም ስትሉን አልነበረም? ወጣት በወጣት ላይ ስንቀብር፣ ድንኳኑ ሳይደርቅ ሌላ ሲጠራ፣ የታመመ እናስታምም፣ ወላጅ የሌለው ልጅ እናስተምር ያልነው እኛ አይደለንም? ያኔ ደንብ ተሰበረ። ሰማዩ ወረደ?"

ቤቱ ጸጥ አለ። በ1990ዎቹ በርካታ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን መንከባከብና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት እንደጀመሩ አንብቤ አውቅ ነበር፤ የማላውቀው ያንን ያደረገችው ሴት ከፊቴ ሁለተኛ ረድፍ ላይ በየወሩ እንደምትቀመጥ ነው። እሳቸው የሚያስታውሱትን እኔ ብናገረው የልጅ ወሬ ይሆን ነበር። የተከራይ አባልነት በዚያን ዕለት ጸደቀ። በእኔ ክርክር አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ሴቶቹ አንድ ነገር ልናገር። "ወጣቱን እናሳትፍ" የሚለው ወሬ ሁልጊዜ የወንዶች ወሬ ነው። የሴቶች እድር ወጣት አጥቶ አያውቅም፤ ሽንኩርት ከመላጥ፣ ሰሃን ከማጠብ፣ ውኃ ከመቅዳት አንድም ልጃገረድ ተርፋ አታውቅም። እህቴ በአሥራ አራት ዓመቷ ለሁለት መቶ ሰው ስንት ኪሎ ምስር እንደሚያስፈልግ ታውቅ ነበር። ዛሬ አርባ ሊሞላት ነው፤ የሚጥሚጣው ማሰሮ የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች፣ የካዝናው ቁልፍ ግን እስካሁን እጇ አልገባም። ትውልድ ከትውልድ ጋር አብሮ መሥራት ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ የሴቶቹ እድር ችግሩን ከመቶ ዓመት በፊት ፈትቶት ነበር።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ፣ ከሁሉም ደስ የሚለኝ እሱ ነውና። ከመጀመሪያዎቹ የተከራይ አባላት አንዱ ጀሞ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ነው። ካስማ ኮብልስቶን ላይ አልገባ ማለቱን ስነግረው ሳቀብኝ። "ካስማ ለምን ያስፈልጋል? ራሱ የሚቆም ፍሬም እሠራላችኋለሁ" አለ። በወረቀት ሳለው፤ አራት ማዕዘን፣ ቱቦላሬ፣ በብሎን የሚገጣጠም። ጋሽ ጥሩንባ ሥዕሉን አገላብጦ አየና "ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው" አለ። "ሐምሌ ላይ ውኃ ያቁርና ሐዘንተኛው ራስ ላይ ይፈስሳል።" ልጁ መሐሉን ከፍ አደረገው። "ይህ ብረት ስንት ኪሎ ነው?" አለ ደግሞ ጋሽ ጥሩንባ። ስድስት ሜትር ቱቦላሬ ለሁለት ሰው ቀላል ነው፤ ግን በኮንዶሚኒየም ደረጃ መታጠፊያ አይታጠፍም፤ ድንኳኑ ደግሞ አንዳንዴ ጣሪያ ላይ መድረቅ አለበት። በሦስት ሜትር ተቆረጠ። "በሩ ወዴት ነው የሚዞረው?" ይህንን ልጁ ጨርሶ አላሰበበትም። ጋሽ ጥሩንባ ነፋሱ በየወሩ ከየት እንደሚመጣ በጣቱ እያሳየ፣ በክረምት በሩ ለምን ወደ ብሎኩ ግድግዳ መዞር እንዳለበት ነገረው። በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለቱ አጎንብሰው በኖራ መሬት ላይ መስመር ሲያሰምሩ አገኘኋቸው። ማንም ማንንም "እያከበረ" አልነበረም። እየተጨቃጨቁ ነበር፤ ልጁ "ጋሼ እርስዎ ብየዳ አያውቁም" ሲል፣ ጋሽ ጥሩንባ "አንተ ዝናብ አታውቅም" ይላል።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ከማልወዳቸው ነገሮች አንዱ ትዝ ይለኛል፤ በዓመት አንዴ ቲሸርት ለብሶ፣ አረጋውያንን አሰልፎ፣ እግር አጥቦ፣ ፎቶ ተነስቶ መሄድ። እኔም ከመሥሪያ ቤት ጋር አንዴ ሄጃለሁ፤ ማካሮኒና ሳሙና ይዘን። በጎ ሥራ አይደለም አልልም። ቢኒያም በለጠ መቄዶንያን በ2002 ዓ.ም. ሲጀምር ጥቂት አረጋውያንን ተቀብሎ አብሯቸው ነበር የሚውለው፤ ያ ሌላ ነገር ነው፣ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው። የኛ ግን የሁለት ሰዓት ጉብኝት ነበረች። ስንወጣ አንድ አዛውንት እጄን ይዘው "ደግሞ መቼ ትመጣለህ?" አሉኝ። የዋሸሁትን መልስ እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ወደ ርዕሴ ልግባ። ጸሐፊ ከሆንኩ በኋላ የእቃ ቤቱ ቁልፍም እኔ ጋ ነበር፤ ቅርብ ነዋሪ ስለሆንኩ። አንድ ዓርብ የብሎኬ ሰው ለልጁ ክርስትና ስድስት አግዳሚ ለመነኝ። ሰጠሁት። መዝገብ ላይ አላሰፈርኩትም፤ እሑድ ይመልሳል ብዬ። ቅዳሜ ሌሊት ከወዲያኛው ብሎክ አንዲት እናት አረፉ። ለቀስተኛው ሲመጣ ስድስት አግዳሚ ጎደለ። አዛውንቶች ቆመው አየሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሽ ጥሩንባ እጁን አነሳ። "ጸሐፊው ይቀጣ" አለ። እኔ ላይ ሲናገር ዓይኔን እያየ ነው። ዳኛው አመነቱ። ደግ ሰው ናቸው፤ አባቴን ይወዱት ነበር። "ልጅ ነው፣ በተግሣጽ ይታለፍ" አሉ። ብዙዎቹ አጉረመረሙ፣ በመስማማት።

ጋሽ ጥሩንባ ግን አልተቀመጠም። "ልጅ ከሆነ ቁልፉን ይመልስ" አለ። "ሰው ከሆነ ይቀጣ።"

ሁለት መቶ ብር ተቀጣሁ። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ቆረጠልኝ፤ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ከስብሰባው ስወጣ ተቆጥቼ ነበር፤ ቤቴ ስደርስ ግን ያ የመጀመሪያው ቀን የተሰማኝ ባዶነት እንደሌለ አስተዋልኩ። ሁለት ዓመት "ተስፋችን" ሲሉኝ አባል አልነበርኩም። ተስፋ አይቀጣም። ተስፋ ወንበር ቆጥሮ አያስረክብም። ያን ዕለት ነው ወደ አባቴ ቦታ የገባሁት።

ያንን ካወቅሁ በኋላ ነገሩን ገልብጬ ማየት ጀመርኩ። እኛ ወጣቶቹስ ሽማግሎቹን እንቀጣለን? "ጋሼ ይቀመጡ፣ እኛ እንሠራለን" ስንል ያው እንግዳ ማድረጋችን አይደለም? አክብሮት ብለን የምንጠራው ነገር ውስጥ ስንቱ "ከመንገድ ዞር በሉልን" እንደሆነ ጆሮዬን ማመን እስኪያቅተኝ ሰማሁት፤ ከራሴ አፍ።

ዳኛችን በመንበራቸው ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተዋል። ማንም አልመረጣቸውም ማለት አይደለም፤ በየጊዜው ይመረጣሉ፤ ተወዳዳሪ ግን የለም። አንዳንዴ የገዳን ሥርዓት አስባለሁ። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባ ጊዜ ብዙ ተወርቶለታል፤ እኔን የሚያስቀናኝ ግን አንድ ነገሩ ነው፤ ሥልጣኑ በየ8 ዓመቱ ይለቀቃል። ያስረከበው አማካሪ ሆኖ ይቀጥላል እንጂ ከማኅበሩ አይወጣም። ማለትም መውረድ ማለት መገፋት አይደለም። የኛ ሰው ግን መውረድን ከመሞት ለይቶ አያየውም፤ ስለዚህ ወንበሩን እስከ ድንኳኑ ድረስ ይዞት ይሄዳል። ይህን የምለው ዳኛውን ለመክሰስ አይደለም። ሌላ የሚቀመጡበት ቦታ አላዘጋጀንላቸውም።

ባለፈው ዓመት ተቆጣጣሪ ሆና የተመረጠች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ አለች፤ ተከራይ፣ በአንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራ። ደንቡን እንደ ዳዊት ደግማዋለች። አንድ እሑድ ዳኛው ሃያ አምስት ደቂቃ ዘገዩ። ገብተው ሲቀመጡ ልጅቷ እጇን አነሳች።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "ደንቡ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ የዘገየ ሃያ ብር ይላል።"

እንዲህ ዓይነት ጸጥታ ቀብር ላይም አልሰማሁም። ዳኛው ወደ ጋሽ ጥሩንባ አዩ። ጋሽ ጥሩንባ ወደ ጣሪያው አየ። እኔ መዝገቤ ላይ አቀረቀርኩ። ዳኛው ኪሳቸው ገቡ፤ ቀስ ብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ሁለት አሥር ብር ቆጥረው አወጡ። ገንዘብ ያዡ ተቀብሎ ሊያልፍ ሲል፣

"ደረሰኝ የለም?" አሉ።

ሳቅ ቤቱን ሞላው። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ደረሰኙን ጠብቀው፣ አጣጥፈው፣ ኪሳቸው ከተቱ። ዛሬም ዳኛ ናቸው። ምርጫ መቃረቡን ለማንሳት የደፈረ እስካሁን የለም፤ እኔንም ጨምሮ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከእኔ ቀድመው ነው የሚመጡት፤ ልጅቷንም ከስብሰባ በኋላ ስለ ደም ግፊት መድኃኒታቸው ሲያማክሯት አያለሁ።

ሁሉም አልተቃናም። በ2012 መጋቢት መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከ4 ሰው በላይ መሰባሰብ ሲከለከል፣ ለቅሶን በስልክ መድረስ ተለመደ፤ በዚያው የቀሩ አሉ። በቴሌግራም "ነፍስ ይማር" ጽፎ የሚተኛ አለን፤ ወጣት ብቻ አይደለም፣ ሽማግሌም ጭምር። ከተከራይ አባላቱ ግማሾቹ ቤት ለቀው ሄደዋል፤ አንዳንዶቹ ሳይሰናበቱ። ጋሽ ጥሩንባ ዛሬም ጥሩንባውን ይዞ በብሎኮቹ መሐል ይዞራል፤ መልእክቱ በቴሌግራም ከተላከ ከአንድ ሰዓት በኋላ። "ሁሉም ሰምቶታል እኮ ጋሼ" ሲባል "አይተውት ይሆናል፤ አልሰሙትም" ይላል። ይህን ክርክር ማንም ሊረታው አልቻለም።

ያለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ተከራይ የሆነ አንድ አባላችን እናቱ ከገጠር ለሕክምና መጥታ እሱ ቤት እያለች ሞተች። ልጁ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከተማው ውስጥ አንድም ዘመድ የለውም፤ ልክ እንደዚያ የመጀመሪያው መዝገብ ሰዎች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደወለልኝ። ዝናቡ ይወርዳል። ቁልፉን ይዤ ስወርድ በያጁና አምስት ልጆች እቃ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ጋሽ ጥሩንባ በላስቲክ ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ አላስቆም ብሎታል። ከወንበሩ ሆኖ ይጮኻል። "በሩ ወደ ግድግዳው! ወደ ግድግዳው አልኩ!" ፍሬሙ ቆመ፤ ቀጥ ብሎ። ሸራውን ስንወጥር ነፋስ ገባበትና አንዱ ጎን ከእጃችን ሊያመልጥ አለ።

ዳኛው በዚያ ሰዓት ጃንጥላ ይዘው ደረሱ። በያጁ አያቸውና "ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ዝናብ ነው፤ እኛ አለን" አለ።

"ለምን ይቀመጣል?" አለ ጋሽ ጥሩንባ ከወንበሩ። "እጅ የለውም? ገመዱን ይያዝ እንጂ!"

ዳኛው ጃንጥላቸውን አጠፉና ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከዚያ መጥተው ከጎኔ ገመዱን ያዙ።